ከመኪና መስኮት የማይታየው ቧንቧ

ዛሬ አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት ውስጥ ሎውንደስ የሚባለውን ካውንቲ (አውራጃ እንደ ማለት ነው) በመኪና ስንዞር ዋልን። የፕላን ባለሙያ አንድን መንደር ሲያጠና መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄንን ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው የየቤቱን ሁኔታ ካርታው ላይ ምልክት ያደርጋል። ብቻውን እየነዳ የሚጽፍ ሰው ብዙ ቤት ያልፈዋል። ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ቤት የሚታየው ከላይ ወደ ታች ነው፦ ጣሪያው ጎብጧል ወይ፣ ከዚያ ግድግዳ፣ መስኮት፣ መሠረት። ሣር ስላደገ ብቻ ቤቱ ባዶ ነው አይባልም። የመብራት ቆጣሪው ተነቅሎ ከሆነ ግን ሰው የለበትም ማለት ይቻላል።

እዚህ ዋናው ጉዳይ አፈሩ ነው። እኛ መረሬ የምንለው ዓይነት፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ አያሳልፍም። ተራ ሴፕቲክ ታንክ (የቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የተቀበረ ታንክ) የሚያወጣውን ፍሳሽ አፈሩ ስለማይመጥለት፣ ፍሳሹ ወይ ግቢ ላይ ይወጣል፣ ወይ ወደ ቤት ይመለሳል። አሸዋ ተቆልሎ ከፍ ብሎ የሚሠራው ደግሞ ውድ ነው። አቅም ያነሰው ፍሳሹን በፕላስቲክ ቧንቧ ከቤቱ ጀርባ ሜዳ ላይ ይለቀዋል። ከመንገድ አይታይም! ምልክቱ ጓሮ ውስጥ ለብቻው የለመለመ ሣር ነው፤ በዝናብ ማግስት ሽታው ራሱ ይናገራል።

የመሬት ሰነድም በመስኮት አይታይም። አያት ሳይናዘዙ ካረፉ መሬቱ ሳይከፋፈል የወራሾቹ ሁሉ የጋራ ይሆናል፤ ባለቤትነቱ ስላልጠራ የጥገና ድጎማም ብድርም ያስቸግራል። ስለዚህ ከዙረቱ በኋላ የካውንቲው መቀመጫ ሄይንቪል ሄዶ መዝገብ ቤት መግባት ግድ ነው።

እና ካሜራ ከማውጣት በፊት በረንዳ ላይ ላሉት እጅ ማንሳት፣ መውረድ፣ ሰላም ማለት። የቧንቧውን ነገር የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።