ወድቆ የማያውቀውና ወድቆ የሚነሳው

ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኡሲክ ሪያድ ላይ እንግሊዛዊውን ታይሰን ፊዩሪን በነጥብ ያሸነፈበት ሰሞን ነው፤ ሜይ 2024። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ያኔ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የስፖርት ክፍል እሠራ ነበር። ዘጠነኛው ዙር ላይ ፊዩሪ ገመዱ ላይ ሲላተምና ዳኛው ገብቶ ሲቆጥርበት አድማጩ አይቷል። ስልካችን አላርፍ አለ። አለቃችን ደግሞ ስልክ ሲበዛ ዓይኑ ይበራል።

«ለቅዳሜ ደረጃ ሥሩልኝ» አለ። «ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ቡጢ በመቻል አንደኛው ማነው? እስከ አሥር።»

ደረጃ ለሬዲዮ ቀለብ ነው። አንደኛ እከሌ ሲባል የተስማማውም ያልተስማማውም ይደውላል።

ሥራው ለወጣቱ ሪፖርተራችን ተሰጠ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቁጥር ይወዳል። በማግስቱ ሰንጠረዥ ይዞ መጣ። መለኪያው አንድ ነው፦ ቦክሰኛው በፕሮፌሽናል ዘመኑ ስንት ጊዜ ወደቀ? ትንሽ የወደቀ ወደ ላይ፣ ብዙ የወደቀ ወደ ታች። በዚህ ስሌት አንደኛ የወጣው ቪታሊ ክሊችኮ ነው። እውነትም ቪታሊ አንድም ጊዜ ወድቆ አያውቅም። ካናዳዊው ጆርጅ ቹቫሎም ገብቷል። የዓለም ሻምፒዮን ባይሆንም በ93 ውጊያ ያልወደቀን ሰው መተው ለልጁ አልሆነለትም። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ታይሰን ፊዩሪ ነው።

አለቃችን ወደደው። ሰንጠረዡ ስቱዲዮ ገባ። እዚያ የድምፅ ባለሙያችን አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ለአንድ ክለብ ቦክስ ተጫውተዋል። ስለዚያ ዘመን ራሳቸው አያነሱም፤ አፍንጫቸው ግን ይናገራል። ወረቀቱን መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ ፊዩሪ በዝረራ ተሸንፎ ያውቃል?»

«አያውቅም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሠርቶ ነው መጨረሻ የሆነው?»

«ብዙ ወድቋላ።»

«ቹቫሎንስ ዳኛ አስቁሞበት ያውቃል?»

ልጁ ስልኩን ነካካ። ጆ ፍሬዚየር በ1967፣ ጆርጅ ፎርማን በ1970። ሁለቱም ጊዜ ቹቫሎ በእግሩ እንደቆመ ዳኛው በቃህ ብሎታል።

«እንግዲህ ቆሞ የተሸነፈ አናት ላይ ነው፣ ወድቆ ያልተሸነፈ እግር ሥር ነው» አሉ ጋሼ። «ና፣ ቪዲዮ አውጣ። ድምፁን አጥፋው። ውጊያውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ሲጮህ ዓይንህን ያሳስትሃል።»

የድምፅ ባለሙያ ድምፅ አጥፉ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያየነው የዲሴምበር 2018ቱን፣ የሎስ አንጀለሱን የፊዩሪና የአሜሪካዊው የዲኦንታይ ዋይልደር ውጊያ ነው። ዋይልደር ያኔ 40 ጊዜ ተዋግቶ 39ኙን በዝረራ የጨረሰ ሰው ነው። አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ፊዩሪን በቀኝ አገኘው፤ እየወደቀ ሳለ በግራ ደገመው። ፊዩሪ በጀርባው ተዘረጋ። ዋይልደር ደስታውን ጀመረ። ዳኛው ግን አላቋረጠም፤ ቆጠረ። ዘጠኝ ላይ ሰውዬው ቆመ።

«አሁን እግሩን እዩ» አሉ ጋሼ። «ቡጢውን ተዉት።»

ፊዩሪ ከተነሳ በኋላ ምንም ጀግንነት አልሞከረም። ዋይልደርን አቀፈው፣ ክብደቱን ጫነበት፣ ተላቀቀ፣ ወደ ጎን ሄደ። ዙሩ ሳያልቅ ራሱ ይሰነዝር ጀመር። ውጊያው አቻ ወጣ።

ቀጥሎ እንግሊዛዊው አንቶኒ ጆሹዋና አንዲ ሩይዝ፣ ጁን 2019፣ ኒውዮርክ። ሦስተኛው ዙር ላይ መጀመሪያ የወደቀው ሩይዝ ነበር። ተነሳ። ጆሹዋ ሊጨርሰው ዘሎ ገባና ያላየው ግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ቡጢ) አገኘው። በዚያው ዙር ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከዚያ በኋላ እግሩ የሌላ ሰው እግር መሰለ። ሰባተኛው ዙር ላይ ሁለት ጊዜ ደግሞ ወድቆ ዳኛው አስቆመው።

ይህን ሲያይ ልጁ ተነቃቃ። «አየህ፣ ጆሹዋ አገጩ ደካማ ነው» አለኝ፤ ቡጢ አይችልም ማለቱ ነው። ጋሼ የኤፕሪል 2017ቱን የዌምብሌይ ውጊያ አስከፈቱት። እዚያ ደግሞ ያው ጆሹዋ በስድስተኛው ዙር በቪታሊ ታናሽ ወንድም በቭላድሚር ክሊችኮ ቀኝ እጅ ይወድቃል። ቀጣዮቹን ዙሮች ትንፋሹን እየሰበሰበ ያሳልፋል። አሥራ አንደኛው ላይ ክሊችኮን ራሱ ይጨርሰዋል።

«አገጩ ያው አገጭ ነው። መሐሉ ሁለት ዓመት ነው» አሉ። «የቱን ትመዘግባለህ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም የምለው አልነበረኝም።

የሚገርመው፣ ሁላችንም «ጠንካራ አገጭ» ስንል አጥንት የምናወራ ይመስለናል። ቡጢ አገጭ ላይ ሲያርፍ ጭንቅላትን ድንገት ያሽከረክራል፤ አንጎል ውስጥ ሆኖ ይናወጣል። ሰውን ራሱን የሚያስተው እሱ ነው። ስለዚህ አንገት ትልቅ ነገር ነው፤ ቡጢውን ማየት ደግሞ ከአንገትም ይበልጣል። ሲመጣ ያየው ሰው አንገቱን ያጠነክራል፣ ትንሽ ዞር ይላል፣ ግማሹን ያባክነዋል። ጆሹዋን የጣለው ሁክ በዓለም ከባዱ ቡጢ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ራሱ ለመምታት ሲጣደፍ ስላገኘው ነው።

ጉበትስ? ኦስካር ዴ ላ ሆያ በ2004 ከበርናርድ ሆፕኪንስ ጋር ዘጠነኛው ዙር ላይ ጎኑን፣ ጉበቱ ላይ ተመትቶ ተንበረከከ። እስከ አሥር ሲቆጠር መነሳት አልቻለም። አንጎሉ ንጹሕ ነው። ጋሼ ይህ ላይ ነው ስለራሳቸው አንዲት ነገር የተናገሩት፦ «እኔም ቀምሻታለሁ። ልብህ ተነስ ይላል፣ ሰውነትህ አልሰማም ይላል። ከአገጭ ጋር ምን አገናኘው?»

በእኔ እምነት የሰንጠረዡ ችግር ሁለት ሥራ በአንድ ቁጥር መለካቱ ነው። ቡጢ መቋቋም አንድ ነገር ነው፤ አብዛኛው የተፈጥሮ ይመስለኛል። ከተመቱ በኋላ ማገገም ሌላ ነው፤ እሱ ይሠለጠንበታል። ምስክሩ ቭላድሚር ክሊችኮ ነው። በ2003 በኮሪ ሳንደርስ፣ በ2004 በላሞን ብሩስተር በዝረራ ሲሸነፍ አበቃለት ተብሎ ነበር። አሠልጣኙ ኢማኑኤል ስቴዋርድ አገጭ ሊቀይርለት አልቻለም። በረጅም ጃብ (ከፊት ባለው እጅ ቀጥ ብሎ በሚሰነዘር ቡጢ) ማራቅን፣ ሲቀርቡት ማቀፍን አስተማረው። በ2005 ሳሙኤል ፒተር ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ሦስቴም ተነስቶ በነጥብ አሸነፈ። ከዚያ እስከ 2015 የነካው የለም። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ወድቆ ሳያውቅ ሌኖክስ ሉዊስ በ2003 ዓይኑ አጠገብ ቆዳውን ቀድዶ አስቆመው። ቪታሊ ያኔ በነጥብ እየመራ ነበር።

ልጁ አዲስ ሰንጠረዥ ሠራ። አንዱ ዓምድ «ስንቴ ወደቀ»፣ ሌላው «ከወደቀ በኋላ ምን ሆነ»። ሙሐመድ አሊ በሁለቱም ላይ ወጣ። በ1971 የፍሬዚየር ግራ ሁክ አሥራ አምስተኛው ዙር ላይ ሲጥለው ወዲያው ነው የተነሳው። በ1973 ከኬን ኖርተን ጋር መንጋጋው ተሰብሮ አሥራ ሁለቱንም ዙር ጨረሰ። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ገመድ ተደግፎ የፎርማንን ቡጢ ተቀበለ፤ ስምንተኛው ላይ ዘረረው። አለቃችን «በቃ፣ አንደኛ አሊ፤ አለቀ» አለ።

ጋሼ ሦስተኛ ዓምድ ጠየቁ። «ስንት ቡጢ ደረሰበት» የሚል።

«ለምን?» አለ አለቃችን።

«አሊ በ1980 ከላሪ ሆልምስ ጋር የሆነውን አይተዋል? አሥር ዙር ሙሉ አልወደቀም። ቢወድቅ ይሻለው ነበር።»

አሊ ፓርኪንሰን እንዳለበት የተነገረው በ1984 ነው። ሐኪሞች መንስኤው ቡጢ ብቻ ነው ብለው በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። እኔም አልልም። ግን ከዚያ ንግግር በኋላ «ቡጢ መቻል» የሚለውን ነገር እንደ ሽልማት ማንበብ ከበደኝ። አለቃችንም ከበደው መሰለኝ፤ ደረጃውን ሰርዞ ፕሮግራሙን በክርክር አደረገው።

ቅዳሜ ስልኩ ከጠበቅነው በላይ ጮኸ። ከመርካቶ የደወለ ሰው ቹቫሎን ነክታችኋል ብሎ ተቆጣ። አንዲት ሴት ደግሞ ስለ ፊዩሪ ከሁላችንም በተሻለ ተናገረች። ጋሼን ማይክ ፊት ለማስቀመጥ ብንለምናቸው እምቢ አሉ።

ሦስተኛው ዓምድ እስካሁን አልሞላም። ኮምፒውቦክስ የተባለው ድርጅት ቡጢ መቁጠር የጀመረው በ1985 ስለሆነ የአሊ ዘመን ውጊያዎች ከድሮ ፊልም ላይ ነው የሚቆጠሩት። ልጁ በራሱ ልቁጠር ብሎ የ1971ዱን የአሊና የፍሬዚየር ውጊያ ጀምሯል። አሁን ከጋሼ ጋር የተጣሉት ጓንት ላይ ያረፈ ቡጢ ይቆጠር አይቆጠር በሚለው ነው።