አሥራ አንድ ኢንች፦ የተራራ ስኖሞቢል ቺንጊያ ርዝመት ስንመርጥ የተማርኩት

መስከረም መጨረሻ ላይ ካናዳ፣ ካልጋሪ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ መካኒኩ አንተ ነህ፤ 146 ልግዛ፣ 154 ወይስ 165?» ይላል። ሁለት የበረዶ ወቅት የባልደረባውን የሜዳ ስኖሞቢል እየተዋሰ ሲነዳ ቆይቶ አሁን ለተራራ የሚሆን ያገለገለ ማሽን ሊገዛ ነው። እኔ አዳማ ውስጥ አይሱዙና ባጃጅ ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ስኖሞቢል ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ጥያቄው ግን አልለቅ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ ያነበብኩትን፣ ጋራዥ ውስጥ የሞከርኩትንና ወንድሜ በረዶው ላይ ያየውን በደብተር ስመዘግብ ከረምኩ። የማካፍላችሁ ከዚያ ደብተር ነው። እኛ በረዶ ባይኖረንም አሸዋና ጭቃ አለን፤ ነገሩ የሚገናኘውም እዚያ ላይ ነው።

ስሙን ላስቀድም። ስኖሞቢል ከፊት ሁለት ስኪ (በረዶ ላይ የሚንሸራተት ረጅም ጠፍጣፋ እግር)፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ የጎማ ቀበቶ ያለው ማሽን ነው። ቀበቶውን እኔና ወንድሜ «ቺንጊያ» እያልን ስለተግባባን እዚህም እንደዚያው እጠራዋለሁ። በላዩ የተደረደሩትን የጎማ መቅዘፊያዎች ደግሞ «ጥርስ» እላቸዋለሁ።

የማሽኑን ታሪክ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር የኩቤክ መካኒክ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 ክረምት ሁለት ዓመት የሆነው ልጁ በጠና ታመመ፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ቤት ሊያደርሰው አልቻለም፤ ልጁ ሞተ። በ1937 ቺንጊያውንና የሚያሽከረክረውን ጥርሳም መንጃ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ሰባት ሰው የሚጭን የበረዶ መኪናም ሠራ። ስኪዱ የተባለችው ትንሿ ማሽን የመጣችው በ1959 ነው። እኔም ልጆች አሉኝ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ስኖሞቢልን የሀብታም መጫወቻ ብዬ ማየት ተውኩ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ቁጥሩ ላይ ነው። 165 ሲባል መሬት የሚነካው ርዝመት መሰለኝ። አይደለም። ቺንጊያው ወልቆ ዙሪያው በሜትር ቢለካ የሚገኘው ኢንች ነው፤ 165 ኢንች 4 ሜትር ከ19 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ለተጠቀጠቀ መንገድ የሚሠሩት ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ከ121 እስከ 137 ናቸው። 146 መሐል ላይ ነው። ተራራ ለተራራ የሚሄዱት 154፣ 165፣ አንዳንዶቹም 175 ያስገባሉ።

ይህ ሲገባኝ ወረቀትና እርሳስ አወጣሁ። በ154ና በ165 መካከል ያለው ልዩነት 11 ኢንች፣ ማለትም 28 ሳንቲም ነው። ቺንጊያው የሚዞርባቸው የፊቱ መንጃና የኋላው ተሽከርካሪ ካልተቀየሩ፣ ቺንጊያው ላይ የተጨመረው ርዝመት ግማሹ ከላይ ይመለሳል፣ ግማሹ ከታች ያርፋል። ስለዚህ በረዶ የሚነካው ጭማሪ 14 ሳንቲም ብቻ ነው። ወርዱ 15 ኢንች ወይም 38 ሳንቲም ስለሆነ፣ 14 በ38 ሲባዛ 532 ስኩዌር ሳንቲም ይመጣል። አንድ ኤ4 ወረቀት 624 ገደማ ነው። ሰው ሁሉ የሚከራከርበት ልዩነት ከአንድ ወረቀት ያነሰ መሆኑን ሳይ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከ146 ወደ 165 ቢዘለል እንኳ ጭማሪው አንድ ወረቀት ተኩል ያህል ነው።

ታዲያ ይህች ወረቀት ምን ታደርጋለች? ይህን በወረቀት ማወቅ ስላልቻልኩ ጥቅምት ላይ ሞዴል መሥራት ጀመርኩ።

ብሎኬት ከሚያመርቱ ጎረቤቶቼ ሁለት ማዳበሪያ ፑሚስ ለመንኩ። ወንድሜ «በረዶው እዚያ ቤት ቆርቆሮ ላይ እንደሚንኳኳው ጠጠር እንዳይመስልህ፤ እፍ ብትለው የሚበን ዱቄት ነው» ስላለኝ ፑሚሱን በወንፊት ነፋሁት። ለቺንጊያ ያረጁ የታይሚንግ ቺንጊያዎችን ጎን ለጎን እያጣመርኩ ሁለት አዘጋጀሁ፤ አንዱ ዙሪያው 80 ሳንቲም፣ ሌላው 100፣ ወርዳቸው አምስት አምስት ሳንቲም። ጥርሱን ከካላማዳሪያ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩት፤ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ ግማሹ ተላቀቀ። በትንንሽ ሪቬት ስመታው ግን ያዘ። ሞተሩ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ በመኪና ባትሪ ይሠራል። በሁለቱም ላይ እኩል አራት ኪሎ ጫንኩ።

ሜዳ ላይ አጭሩ ሦስት ሳንቲም ያህል ሲሰምጥ ረጅሙ ከሁለት ብዙም አላለፈም። ፑሚሱን በጣውላ ላይ አዳፍኜ አቀበት ሳደርገው ነገሩ ተለየ። አጭሩ ትንሽ ወጣና ቆመ፤ ጥርሱ እየዞረ ከሥሩ ቆፈረ፤ በቆፈረ ቁጥር አፍንጫው ቀና አለ፤ አፍንጫው በቀና ቁጥር ክብደቱ ሁሉ ጅራቱ ላይ ወደቀ፤ ጅራቱ ይበልጥ ሰመጠ። ረጅሙ በዚያው ባትሪ ቀስ እያለ ወጣ። የ10 ሳንቲም ጭማሪ የሚሠራው ይህን ነው፤ መስመጥን ከመቀነሱ በላይ ጉድጓድ መቆፈር የሚጀመርበትን ሰዓት ያዘገያል። ማሽኑ ከኋላ የሚደገፍበት ነገር ስለሚያገኝም ወደ ኋላ የመገልበጥ ፍላጎቱ ይቀንሳል።

የርዝመቱን ጉዳት ደግሞ በስፕሪንግ ሚዛን አየሁት። ሁለቱንም ፑሚሱ ውስጥ አስቀምጬ ጅራታቸውን ወደ ጎን ስጎትት ረጅሙ ጎልቶ የሚታይ ተጨማሪ ጉልበት ጠየቀኝ። ተሳቢ የጫነ መኪና ጠባብ መታጠፊያ ላይ የሚሆነውን የምታውቁ ይገባችኋል፤ ረጅም ነገር ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። በመጨረሻም ረጅሙ ላይ አንድ ኪሎ ከግማሽ ስጨምርበት ልክ እንደ አጭሩ ሰመጠ። ከዚህ በኋላ ለወንድሜ የላክሁለት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ማሽኑ አልነበረም። «አንተ ስንት ኪሎ ነህ?» አልኩት። 72። ከነልብሱና ከነቦርሳው 84።

እኛ ይህን ነገር በሌላ ስሙ እናውቀዋለን። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አፋር ውስጥ አሸዋ ላይ የተያዘ ሹፌር መጀመሪያ የሚያደርገው ጎማውን ማስተንፈስ ነው። ጎማው ሲተነፍስ መሬት የሚነካው ቦታ ይረዝማል፤ መኪናው በአሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። የግመል እግርም እንደዚያው ነው፤ ሲረግጥ ይሰፋል፤ የአህያ ሰኮና በሚሰምጥበት አሸዋ ላይ ግመል ይራመዳል። ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ላይ ለብዙ ዓመት ዶዘር የነዱ ጎረቤታችን ሞዴሉን ሲያዩ ቁጭ ብለው ነኩት። «ልጄ፣ በዋልካ ጭቃ ላይ ሰፊ ጫማ ያለው ዶዘር ይሻላል፤ ያንኑ ዶዘር ድንጋይ ላይ ካወጣኸው ግን ጫማውም ሰንሰለቱም ያልቃል» አሉኝ። «እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዙ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ብዙውን ቀን ለምውልበት መሬት የሚሆነውን ነዋ» አሉ። ለወንድሜ ይህንኑ ጻፍኩለት።

እሱም ገዝቶ ከመጸጸት ተከራይቶ መሞከርን መረጠ። በታኅሣሥና በጥር ሬቨልስቶክ የምትባል የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከተማ ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ከካልጋሪ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራሮቹ ላይ ወጥቶ ስለሚቀዘቅዝ በረዶው እዚያ ይከመራል።

የመጀመሪያው ቀን በ165 ነበር። ሌሊቱን አዲስ በረዶ ወርዶ ሜዳው ሁሉ ንክኪ የለበትም። «ወንድም ጋሼ፣ እንደ ጀልባ ነው» ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ። ባልደረባው መሐል አቀበት ላይ ተቀብሮ ሲቆፍር እሱ በጎኑ አልፎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግን በጥድ ዛፎች መካከል ሲወርዱ ማሽኑ አልታጠፍ አለው። ስኖሞቢል ተራራ ላይ የሚታጠፈው መሪ በማዞር ብቻ አይደለም፤ ነጂው ቆሞ ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ ማሽኑን በጎኑ ማስተኛት አለበት። የተራራ ስኖሞቢል ስኪዎች ከሜዳው ይልቅ የተቀራረቡትም ለዚህ ነው። ወንድሜ 72 ኪሎ ነው፤ ያን ረጅም ማሽን ማስተኛት አቃተው። ሁለት ጊዜ ዛፍ ሥር ቆመ፤ ማታ ክንዱን ማንሳት አቅቶት እንደነበር ነገረኝ።

በሁለተኛው ጊዜ 146 ያዘ። ዛፎቹ መካከል እንደ ሚዳቋ ነበር አለኝ፤ ድምፁ ላይ ደስታው ይሰማል። ጥልቅ በረዶ ያለበት አቀበት ላይ ሲደርስ ግን በሞዴሉ ያየሁት ሁሉ በእሱ ላይ ደረሰ፦ መቆፈር፣ አፍንጫ መቅናት፣ መቀበር። አራት ጊዜ በአካፋ አወጣው። ሦስተኛው ቀን የ154 ነበር። ያን ቀን ብዙ አላወራኝም። «ረሳሁት» አለኝ፤ ስለ ቺንጊያው ማሰብ ረስቶ ሲነዳ ዋለ ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ሞተሩን አስገባሁበት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ከአዳማ ተነስቶ እንጦጦ የወጣ መኪና የሚያለከልከው ለዚህ ነው። ሬቨልስቶክ ከተማዋ 480 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም የሚነዱባቸው ተራሮች ከ2,000 ይበልጣሉ። ቺንጊያ ደግሞ በረዘመ ቁጥር ይከብዳል፤ ሞተሩ ማሽኑን ከመግፋቱ በፊት ያን ሁሉ ጎማ ማሽከርከር አለበት። ባለ 850 ሲሲዎቹ ከ160 ፈረስ ጉልበት በላይ ስላላቸው 165ን ያለ ችግር ያዞሩታል። የወንድሜ አቅም ግን ለባለ 600 ነበር፤ በዚያ ላይ 165 ቢጭንበት ቺንጊያው በደንብ ፍጥነት ሳይዝ ጥርሱ በረዶውን መወርወሩ ይቀርና ይጎተታል። ቀላል ነጂ፣ መካከለኛ ሞተር፣ ግማሽ ቀን ዛፍ ውስጥ። 154 አልን።

ስለ ጥርስ ቁመት በአጭሩ፦ የተራራዎቹ ከ2.25 እስከ 3 ኢንች ይደርሳሉ፤ የሜዳዎቹ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኢንች ተኩል ያነሱ ናቸው። ረጅም ጥርስ በደረቅና በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ሲነዳ ይሞቃል፣ ይቀደዳል። ቺንጊያው የሚንሸራተትበት ፕላስቲክም የሚቀዘቅዘው በሚረጨው በረዶ ነው፤ በረዶ ካልደረሰው ይቀልጣል። የዶዘሩ ሽማግሌ ያሉኝ ነገር ነው።

ግዢው ላይ የሆነውን ግን በደንብ ልንገራችሁ፤ ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሁሉ ስለሚሆን። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ሰው «154» ብሎ የሚሸጥ ማሽን ተገኘ። ወንድሜን በቪዲዮ «ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ቺንጊያው ላይ በኖራ ምልክት አድርግና የጥርሱን ረድፎች ቁጠር» አልኩት። በሁለት ረድፎች መካከል ያለው ርቀት ፒች ይባላል፤ የዚያ ማሽን 2.86 ኢንች ነበር። እውነት 154 ከሆነ 54 ረድፍ ሊኖረው ይገባል፤ 54 በ2.86 ሲባዛ 154.4 ነውና። ኋላውን አንስተው በእጅ እያዞሩ ቆጠሩ። 51። እንደገና ቆጠሩ፤ አሁንም 51። በ2.86 ሲባዛ 145.9 ይሆናል፤ ማሽኑ 146 ነበር። ሻጩም ከሌላ ሰው እንደተነገረው የገዛው ነው፤ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀ። ወንድሜ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ፒቹም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። 3.5 ኢንች ፒች ያለው 154 ቺንጊያ 44 ረድፍ ብቻ ነው የሚኖረው። ርዝመቱ እኩል ስለሆነ ብቻ አንዱን አውልቆ ሌላውን ማስገባት አይቻልም፤ ጥርሳሙ መንጃ አብሮ መቀየር አለበት። የታይሚንግ ቺንጊያ የቀየረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

የካቲት አንድ ሳምንት ሲሆነው ሌላ አገኘ። 54 ቆጠረ። ገዛው።

ከማሽኑ ጋር አብሮ የገዛው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ እኔ የጠየቅኩት አለ፦ በናዳ ሥር የተቀበረን ሰው ምልክት የሚያነሳ መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ። ረጅም ቺንጊያ አጭሩ የማይደርስበት አቀበት ላይ ያወጣል፤ የበረዶ ናዳ የሚነሳውም እንዲህ ያለው ቁልቁለት ላይ ነው። ከመውጣቱ በፊት በየቀኑ አቫላንች ካናዳ የተባለውን ድርጅት የናዳ ትንበያ አንብቦ የአደጋውን ደረጃ ይልክልኛል። እናታችን ደረጃው ምን ማለት እንደሆነ ተምራለች፤ «ዛሬ ስንት ነው?» ትለኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ማሽኑ ያለፈበትን ቦይ በማስመሪያ ለክቶ ፎቶ ላከልኝ፤ 31 ሳንቲም። ከአዲሱ በረዶ ጥልቀት ጋር በየጊዜው እንዲመዘግብ ተስማምተናል። እኔ አሁን የጥርስ ቁመት ላይ ነኝ፤ ሞዴሉ ላይ አንድ ሳንቲምና አንድ ተኩል ሳንቲም ጥርስ እያፈራረቅኩ ልሞክር ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማወዳደር ሌላ 100 ሳንቲም ቺንጊያ ያስፈልገኛል። ከእናንተ መካከል ከሞተር የወለቀ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ሰፋ ያለ የታይሚንግ ቺንጊያ ያለው ካለ ይንገረኝ፤ አዳማ ውስጥ ከሆነ መጥቼ እወስዳለሁ።