እሳቱን የማገዱት ሰዎች ሲያወሩ

እንግሊዝ ውስጥ የእንፋሎት ባቡር ያበቃበት ቀን በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1968 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 5 ቀን 1960። የመንግሥት ባቡር ድርጅቱ ከሊቨርፑል ተነስቶ በማንችስተር በኩል ካርላይል ደርሶ የሚመለስ የስንብት ጉዞ አዘጋጀ። ቲኬቱ 15 ጊኒ ነበር፣ ማለትም 15 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ። ለዚያን ጊዜ ሠራተኛ የማይቀመስ ዋጋ ነው። በማግስቱ በዋና መስመሮቹ ላይ የእንፋሎት ባቡር ተከለከለ። ከማንችስተር እስከ ካርላይል የጎተተው «ኦሊቨር ክሮምዌል» የተባለው ሎኮሞቲቭ (የባቡሩ ጎታች) ፎቶ ዛሬም በየቦታው አለ።

ስለዚያ ቀን ለማወቅ ማንንም ማስቸገር አያስፈልግም። እኔን የያዘኝ ካሜራ ያልነበረበት ተራ ሌሊት ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ከኋላ ረጅም የከሰል ፉርጎ ይጎተታል፣ ፊት ላይ ሁለት ሰው ብቻ አለ። ያንን የሚያውቁት የሠሩት ናቸው። ለዚህ ነው ትዝታቸውን መቅዳት የጀመርኩት። እንዴት እንዳደረግኩትና ምን እንደተማርኩ ልንገራችሁ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት የእንፋሎት ዴፖዎች (የሎኮሞቲቮች ማደሪያዎች)፣ ካርንፎርዝ፣ ሎስቶክ ሆልና ሮዝ ግሮቭ፣ እዚሁ ነበሩ። በ1968 የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው። ሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ ከፊቴ የሚቆሙት አዛውንት ከእነሱ አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ጊዜ የለም።

በር የከፈተልኝ በጎ ፈቃደኝነት ነው። ቤሪ ከተማ ላይ ኢስት ላንክሻየር የሚባል የቅርስ ባቡር መስመር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ናስና ብረት እወለውላለሁ። የድሮ ሠራተኞች ለማየት ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ቆመው አይተው ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ «እሱን እንደዚያ አይደለም የሚጠርጉት» ብለው ይጠጋሉ። ወሬው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። እጁ በዘይት የጠቆረ ሰው ሲጠይቃቸው ብዙ ማግባባት አያስፈልግም። መቅጃውን የማወጣው ከተዋወቅን በኋላ፣ ቤታቸው ሄጄ ሻይ ስንጠጣ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው።

አጠያየቅ ትልቁ ነገር ነው። «ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት ይንገሩኝ» ስትሏቸው በቴሌቪዥን ያዩትንና ያነበቡትን ይመልሱላችኋል። «ሌሊት ምን ይበሉ ነበር?» ስትሏቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። የከሰሉን አካፋ በሙቅ ውሃ ያጥቡታል። ቤከንና እንቁላል እላዩ ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ እቶኑ አፍ ላይ ትንሽ ያዝ ማድረግ ነው። ሻዩ የሚሞቀውም ከእቶኑ በር በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ይህን ሲያወሩ ነጂው ማን እንደነበር፣ ባቡሩ የት ቆሞ እንደነበር፣ ለምን እንደዘገየ ተከትሎ ይመጣል። ምግቡ ሌሊቱን ሁሉ ይዞት ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምጀምረው ከምግብ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ አካፋ ማስያዝ ነው። አንድ የሮዝ ግሮቭ ከሰል ማጋጅ የነበሩ ሰው ቤታቸው ሳሉ ብዙም አላወሩኝም። አንድ ቀን ወደ ቤሪ ይዣቸው መጣሁ፤ የመስመሩ ሰዎች ፈቅደው ከቆመ ሎኮሞቲቭ ላይ ወጡ። አካፋውን ሲይዙ እግራቸው ራሱ ቦታውን አገኘ። ከዚያ አስተማሩኝ። ከሰል ዝም ብሎ አይወረወርም፤ እንደ ሊጥ ምጣዱን እኩል መሸፈን አለበት። ክፍተት ከተገኘ በዚያ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይገባና እንፋሎቱ ይወርዳል። የኋላ ማዕዘኖቹ የሚሞሉት በእጅ አንጓ ጥምዘዛ ነው። ጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ከተፋ ከሰሉ በከንቱ እየሄደ ነው። ዓይን ደግሞ በየደቂቃው የውሃ መጠን ማሳያውን መስታወት ማየት አለበት። ውሃው ከእቶኑ ጣሪያ በታች ከወረደ ጣሪያው ላይ ያለው የእርሳስ መሰኪያ ይቀልጣል፣ እንፋሎትም ወደ እሳቱ ይገባል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አንድም ቀን እንዳልደረሰባቸው ግን በኩራት ነገሩኝ።

«ብላክ ፋይቭ» የሚባለው የሎኮሞቲቭ ዓይነት ከ1934 እስከ 1951 ድረስ 842 ተሠርቶ ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቀን የሠራውም እሱ ነው፤ በስንብቱ ጉዞ ላይ ሦስቱ ነበሩ። ከኋላው 9 ቶን ከሰልና ከ18 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ያ ሁሉ ከሰል በአንድ ሰው አካፋ ነው የሚገባው። ቁጥሩን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን የእኚህን ሰው ትከሻ ሳይ ነው።

ቆሻሻውን መጠየቅ ደግሞ ግድ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሎኮሞቲቮቹን የሚያጥብ ጠፋ። ቀለማቸው በጥላሸት ተሸፈነ። የስም ሰሌዳዎቹ ተነቀሉ። ሊጣል ነው በሚል ጥገናው በጣም ቀነሰ፤ በየመገጣጠሚያው እንፋሎት ያፈስሱ ነበር። ከጉዞ ሲመለሱ አመዱን መዛቅ፣ እቶኑ ውስጥ ቀልጦ የደረቀውን ጓል በረጅም ብረት ሰብሮ ማውጣት፣ ከፊት በኩል የተጠራቀመውን ጥላሸት መጥረግ አለ። ነፋስ ካለ ዓይን ውስጥ ይገባል። አንድ አዛውንት «ናፍጣው ሲመጣ እፎይ አልን» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ ስለ አንዷ ሎኮሞቲቭ ድምፅ እያወሩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ቆርጦ ሌላውን ማስቀረት ነውር ይመስለኛል።

ሚስቶችን መጠየቅ ማንም ብዙ አያስበውም። እኔ ካገኘኋቸው ምርጥ ቅጂዎች አንዱ የአንዲት እናት ነው። የባላቸውን የሥራ ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ለይተው ያጥቡ ነበር። ትራሱ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር ምልክት ይቀር ነበር። ባላቸው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ሲገቡ ልጆቹ ቀን ላይ ድምፅ እንዳያሰሙ ያባብሏቸው ነበር። ባልየው ከጎናቸው ተቀምጠው ይሰማሉ። «ይሄንን ነግረሽኝ አታውቂም» አሏቸው።

ጊዜን ማጣራት የራሱ ሙያ አለው። ትዝታ ዓመቶችን ያቀላቅላል። አንድ ሰው በ1968 ክረምት ላይ ሻፕ ዳገት ላይ ከኋላ ይገፉ እንደነበር ነገሩኝ። ከግርጌው ካለችው ከቴቤይ በላይ ዋናው አቀበት ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየ75 ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል፤ ለባቡር ከባድ ዳገት ነው። ከባድ ባቡር ሲመጣ ከቴቤይ ሌላ ሎኮሞቲቭ ከኋላ ይጠጋል፣ በፉጨት ይነጋገራሉ፣ ይገፋል። ነገር ግን የቴቤይ ዴፖ በእንፋሎት የሠራው እስከ 1967 መጨረሻ ነው። «ተሳስተዋል» ማለት አያስፈልግም። «ያኔ አግብተው ነበር? ከ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት ነው በኋላ?» ብዬ ጠየቅኩ። ራሳቸው አስልተው ወደ ትክክለኛው ዓመት መለሱት። ሠርግ፣ ልጅ መውለድና እግር ኳስ ከማንኛውም የቀን መቁጠሪያ ይሻላሉ። በተረፈ የሎኮሞቲቩን ቁጥር ካስታወሱ ጥሩ ነው። ያኔ ደብተር ይዘው ቁጥር የሚመዘግቡ ልጆች በየጣቢያው ነበሩ፤ የታተሙት መዝገቦች ለማመሳከር ይረዳሉ።

ቁጭቱንም መስማት ያስፈልጋል። በ1955 የዘመናዊነት ዕቅዱ ወጥቶ ናፍጣና ኤሌክትሪክ እንደሚተኩ ተወሰነ። እንዲያም ሆኖ አዳዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች መሠራታቸው ቀጠለ። የመጨረሻዋ «ኢቭኒንግ ስታር» በ1960 ስዊንደን ከተማ ተሠርታ በ1965 ከሥራ ወጣች። አምስት ዓመት ብቻ! ብረቱ ገና አልደከመም ነበር። ሰዎቹም እንደዚያው ናቸው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ሎኮሞቲቭ አጣቢ ሆነው ገቡ፣ ከዚያ ማጋጅ ሆኑ፣ ነጂ ለመሆን ሲጠብቁ ሙያው ራሱ ጠፋ። አንዳንዱ ናፍጣ ላይ ረዳት ሆኖ ቀረ። አንዳንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። ከባቡር ሙሉ በሙሉ የራቁትን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ግን ሳያጋንኑ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

በአካል የሚነካ ሎኮሞቲቭ ዛሬ መኖሩ ራሱ ትልቅ ዕድል ነው። ደቡብ ዌልስ፣ ባሪ ከተማ ውስጥ፣ የዉድሃም ወንድማማቾች ለብረት ሊቆርጧቸው ገዝተው ያቆሟቸው ብዙ ነበሩ። ቅድሚያ ፉርጎዎቹን መቁረጥ ስለያዙ ሎኮሞቲቮቹ ለዓመታት ዝገው ቆዩ። አፍቃሪዎች ገንዘብ እያዋጡ 213 አወጡ። እነዚያ ባይተርፉ ኖሮ አዛውንቶቹን የማስወጣባቸው ሎኮሞቲቮች በጣም ጥቂት ይሆኑ ነበር።

ድሬዳዋ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ስለ እኛው የጅቡቲ መስመር ሠራተኞች ጠየቁኝ። እዚያ ያሉት አዛውንቶች የሚያስታውሱት በብዛት ናፍጣውን ነው። ዘዴው ግን አንድ ስለሆነ ጥያቄዎቼን ወደ አማርኛ መልሼ ላክሁላቸው። በነሱ ላይ «ጫት ቤት ማን ያስቅ ነበር?» የሚል ጨምረውበታል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

የተቀዳውን ለቤተሰብ አንድ ቅጂ እሰጣለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ አይጠቀስም። አንድ አባት ስድባቸው ሳይወጣ እንዲቀር፣ የድሮ ነጂያቸው ስም ግን እንዲወጣ ጠየቁኝ፤ እንደፈለጉት አደረግኩ። አሁን የምፈልገው በ1968 አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የነበሩትን አጣቢዎች ነው። ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላሉ። ከዚያ «ጠዋት ስትገቡ መጀመሪያ ምን ይሸታችሁ ነበር?» እላቸዋለሁ፣ መቅጃውንም እከፍታለሁ።