ወንድም ጋሼ ፊዮርድ ሲያይ

ወንድም ጋሼ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነው። አገርን የሚያውቀው በዳገቱና በቁልቁለቱ ነው። ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ ኖርዌይ፣ ኦስሎ ሲመጣ ሙዚየም አዙሬ ባሳየው እንደማይደሰት ስለማውቅ፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ በመኪና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፊዮርዶቹ፣ በተራሮች መካከል ወደ ገቡት ጠባብ የባሕር ክንዶች፣ ይዤው ወጣሁ። መሪውን ግን አልሰጠሁትም። ለዚህ እስካሁን ይቅር አላለኝም።

ኢ 16 የሚባለው አውራ ጎዳና ከኦስሎ ተነሥቶ ፊሌፊየል የተባለውን ተራራማ ሜዳ ያቋርጣል። የበርች ዛፎቹ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው ቁጥቋጦ ቀልቷል፣ ከፍ ባሉት ጫፎች ላይ የመጀመሪያው በረዶ ጣል ጣል ብሏል። በጋውን ተራራ ላይ ሲግጡ የከረሙት በጎች ወደ ታች የሚወርዱበት ወቅት ስለሆነ፣ ቃጭል ያሰሩ በጎች አስፋልቱን ዘግተው አቆሙን። ወንድም ጋሼ በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ የሳቀው ያኔ ነው። ቦርጉንድ ላይ በ1180 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራችውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ስናይ ኮፍያውን አውልቆ ተሳለመ። በጣሪያዋ ላይ ዘንዶ የመሰሉ የእንጨት ራሶች ወጥተዋል። እነሱን አይቶ ምንም አላለም፤ ዝምታው ግን ብዙ ይናገር ነበር።

ከሌርዳል ወደ አውርላንድ የሚያሻግረው ዋሻ 24.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን ከዓለም የመኪና መንገድ ዋሻዎች ረጅሙ ነው። አሽከርካሪው እንዳይሰለችና እንዳያንቀላፋ ተብሎ በየስድስት ኪሎ ሜትሩ ገደማ ሰፋ ያለ አዳራሽ ተፈልፍሎለታል፤ አዳራሾቹ በሰማያዊ መብራት የተሞሉ ናቸው፣ ከግርጌያቸው ንጋት የሚመስል ቢጫ ብርሃን ይወጣል። ወንድም ጋሼ እንደገባን ማማተብ ጀመረ። ሁለተኛው አዳራሽ ላይ ስንደርስ፣ «ይሄ ሁሉ ተቆፍሮ ክፍያ የለውም?» አለኝ። የለውም አልኩት። «እንግዲያውስ ሞኞች ናቸው ወይም በጣም ብልሆች ናቸው» ብሎ እንደገና አማተበ።

እኔ ግን ዋሻዎቹን አልወዳቸውም። ጠቃሚነታቸውን አልክድም፤ ክረምት ሲሆን ከላይ ያለው የተራራ መንገድ በበረዶ ይዘጋል፣ እነሱ ባይኖሩ ሰው ከሰው አይገናኝም ነበር። ነገር ግን ሊያዩት የመጡትን ተራራ በሆዱ ውስጥ አሳልፈው በወዲያኛው በኩል ያወጡዎታል። አገሩን አቋርጠው አገሩን ሳያዩ ይደርሳሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከአውርላንድ ከተማ በላይ ወደሚገኘው ስቴጋስታይን ወጣን። ከፊዮርዱ 650 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከገደሉ 30 ሜትር ወደ አየር የወጣ የእንጨትና የብረት ማማ ነው፤ ጫፉ በመስታወት ብቻ ታጥሯል። ከታች ጉም ተኝቶ ነበር። ጉሙ ቀስ እያለ ሲገለጥ ጥቁር ውሃ ታየ። ወንድም ጋሼ ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ሲያይ ቆይቶ፣ «ይሄን የሚያህል ገደል የቆፈረው ወንዝ የታለ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው የአባይን በረሃ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ጥያቄ ነው። ወንዝ አይደለም፣ በረዶ ነው አልኩት። ውፍረቱ በሺህ ሜትሮች የሚለካ የበረዶ ግግር በብዙ የበረዶ ዘመናት እየተንፏቀቀ ሸለቆውን አርሶታል፤ በረዶው ሲቀልጥ ባሕር ገባበት። አውርላንድ ላይ የምናየው ውሃ የሶግነፊዮርድ ቅርንጫፍ ነው። ዋናው ፊዮርድ ከባሕሩ ተነሥቶ 205 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። የሚገርመው አፉ ላይ ጥልቀቱ በጣም ያነሰ መሆኑ ነው፤ በረዶው ወደ ባሕሩ ሲቃረብ ሳስቶ ጉልበቱ ደክሞ ነበርና። ወንድም ጋሼ አላመነኝም። ፍሎም ወደብ ወርደን እጁን ነክሮ ቀመሰውና፣ «ጨው እንኳን በወጉ የለውም፤ የምን ባሕር?» አለ። ይህም ምክንያት አለው፤ ከተራራው የሚወርደው ጨው የሌለው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጨዋማው ከሥር ይቀራል።

መኪናውን ፍሎም አቁመን ወደ ጉድቫንገን በሚሄደው ጀልባ ተሳፈርን። ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጀልባው በባትሪ ስለሚሄድ የሞተር ድምፅ የለም፤ ወንድም ጋሼ መንቀሳቀሳችንን ያወቀው ወደቡ ሲርቅ አይቶ ነው። ዝናቡ ያበረታቸው ፏፏቴዎች ከግራና ከቀኝ ይወርዳሉ። ኡንድሬዳል የተባለች ትንሽ መንደር አለፍን፤ በፍየል አይብ የታወቀች ናት። አይቡ እስኪያር ድረስ ከሚቀቀል አጓት የሚሠራ ቡናማ ነገር ነው። ፍሎም ገዝቼ ላቀምሰው ስል ቀኑ ዓርብ መሆኑን አስታወሰኝ፤ ብቻዬን በላሁት። ወደዚህች መንደር የመኪና መንገድ የገባው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙም፣ ሙሽራውም፣ አስከሬኑም በጀልባ ነበር የሚመጣው።

ቀጥሎ ወደ ኔሮይፊዮርድ ታጠፍን። በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 250 ሜትር ነው፤ ተራሮቹ ግን ከ1,700 ሜትር በላይ ይወጣሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዳርቻው ጥቂት እርሻዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም መንገድ የላቸውም። በድሮው ዘመን ፖስታ በዚህ ውሃ ላይ በቀዘፋ ይተላለፍ ነበር፤ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም፣ ገበያ የሚወጣውም ቀዝፎ ነው።

እኔ እዚህ አገር ዓመታት ኖሬ ያልገባኝ ነገር እዚያ ጀልባ ላይ ገባኝ። እኛ ያደግንበት አገር ውሃ ይለያል። ክረምት ሲገባ አባይ ሞልቶ ጎጃምንና ሸዋን የሚያቆራርጥበት ዘመን እንደነበር አባታችን ይነግረን ነበር፤ «ማዶ» ማለት የሌላ ሰው አገር ማለት ነበር። እዚህ ግን የሚለየው ተራራው ነው፣ ውሃው ያገናኛል። በካርታው ላይ ራቅ ብለው የሚታዩት የፊዮርዱ ሁለት ዳርቻዎች ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ከጀርባ ያለው ሸለቆ ነበር ባዕዱ። መኪና መጥቶ ይህን ገለበጠው። ዛሬ መኪና የነዳ ሰው ፊዮርዱን እንደ እንቅፋት ነው የሚቆጥረው።

ለወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልመለሰልኝም። ከጉድቫንገን ወደ ፍሎም የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። ሁለት ሰዓት የፈጀብንን መንገድ፣ አብዛኛውን በዋሻ ውስጥ፣ በሃያ ደቂቃ ገደማ አጠፋነው። አንደኛው ዋሻ ብቻ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስንወርድ፣ «ተዘርፈናል» አለ።

በመጨረሻው ቀን ሌርዳል አጠገብ ከፎድነስ ወደ ማንሄለር መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ላይ ገባን። አስተናባሪው በእጁ እየጠቆመ መኪኖቹን አስጠግቶ ደረደራቸው፤ ወንድም ጋሼ የጎኑን ክፍተት በመስኮት እያየ «እጅ አለው ልጁ» ብሎ አደነቀው። ጉዞው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ወጥተን አጥሩን ተደግፈን ቆምን። በውሃ ብቻ በምዕራቡ ጠረፍ እስካለችው ከተማ እስከ በርገን መድረስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። በዚህ አገር በጋ ከፍሎም የሚነሣ ፈጣን ጀልባ አለ፣ ጉዞው አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል አልኩት፤ ሰኔ ላይ ብትመጣ ይዤህ እሄዳለሁ።

ትንሽ አሰበ።

«መኪናውንስ ማን ያመጣዋል?» አለ።