አያ ጅቦ ለምን ያመካኛል?

ጥቅምት 19፣ ማታ

መብራት ስለጠፋ ለእህቴ ልጅ ተረት ስነግራት አመሸሁ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዝም ብላ የምትሰማ ልጅ አይደለችም። አያ ጅቦና አህያ ወንዝ ወርደው፣ እሱ ከላይ እሷ ከታች ሆነው ሲጠጡ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። ከታች የቆመች አህያ የላዩን ውሃ በምን ታደፈርሰዋለች? ነገሩ የገባት አህያ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው።

ልጅቷ አልሳቀችም። «መብላቱ ካልቀረ ለምን ዋሸ? ማንም አላያቸውም እኮ» አለችኝ።

«ተኚ» አልኳት። እሷ ተኛች፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ጥያቄዋ የነካኝ መሳቢያ ውስጥ ባለችው ልብ ወለዴ ምክንያት ነው። ከክረምት ጀምሮ አንድ ቤት አከራይ ስጽፍ ከርሜአለሁ። ቦርጫም፣ ጥርሱ የበለዘ፣ ሲናገር የሚጮኽ፣ ድመት እንኳ በእርግጫ የሚል። ያነበበልኝ ወዳጄ «ይሄን ሰውዬ የት ነው ያየኸው?» አለኝ። የትም አላየሁትም። ከዚህም ከዚያም ቆራርጬ የሰፋሁት ነው።

ያየሁትማ ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት ከተከራየነው ቤት ያስወጡን ሴትዮ አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። የዚያን ዕለት ቡና አፍልተው ጠሩን። በረካው ላይ ዓይናቸው እንባ አቀረረና «ልጄ ከውጭ ልትገባ ነው፤ የት ላሳርፋት?» አሉ። ውጡ የተባልነው እኛ፣ ሲጽናኑ ያመሹት እሳቸው! እናቴ «አይዞዎት» እያለች ነበር። ወር ሳይሞላ ቤቱ በእጥፍ ኪራይ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ልጅ መኖሯንም እጠራጠራለሁ።

እኚህን ሴትዮ ትቼ ባለ በለዝ ጥርሱን መጻፌ ይገርመኛል።

ፊታውራሪ መሸሻም ትዝ አሉኝ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ይኸው እስከ ዛሬ ስማቸው ያልደበዘዘው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ክፋትን ብቻ አሸክመዋቸው ስላልቀሩ ይመስለኛል። ሰውዬው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን አይጠሏትም። ለዘሯ የሚመጥን ባል አጥተውላት ነው ዕድሜዋ በቤት ያለፈው። ባላገሩ ላይ ከተለመደው በላይ ግብር ሲጥሉም መብታቸው ይመስላቸዋል፤ እምቢ ሲባሉ የሚሰማቸው የተበዳይ ቁጣ ነው። በገዛ ባላገራቸው ላይ ዘምተው ሲማረኩ ሳቅሁባቸው፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘኑኝ። ማዘኔ አናደደኝ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል።

ለካ አያ ጅቦ የሚዋሸው ለአህያዋ አይደለም። ለራሱ ነው። ሲበላት በደለኛ ሆኖ መብላት አይፈልግም።

እዚህ ላይ ብዕሬን ላስቀምጥ ስል ኢያጎ መጣብኝ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ባመጣው የሼክስፒር ተውኔት፣ በ«ኦቴሎ»፣ አለቃውን ኦቴሎን የሚያጠፋው ተንኮለኛ። እሱ ሰበብ ሞልቶታል። ሹመቱን ለካሲዮ ሰጡብኝ ይላል፤ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ሳይማግጥ አልቀረም ይላል። ግን አንዱም ከሠራው ሥራ ጋር አይመጣጠንም። መጨረሻ ላይ ተይዞ ለምን እንዲህ አደረግህ ሲባል ደግሞ፣ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። ማመካኘት ያቆመ ጅብ! ይሄኛውን ሐሳቤን ያፈርስብኛል፤ ይፍረስ። ኦቴሎ ግን እስኪጨረስ ድረስ «ታማኙ ኢያጎ» እያለ ነበር የሚጠራው። እናቴም ሴትዮዋን እንደዚያው ነበር የምታምናቸው።

ጥቅምት 21

አከራዩን ጥርሱን አነጣሁለት። ቦርጩን ተውኩለት፣ ቦርጭ ምን አደረገ። አሁን በር ሲያንኳኳ የእናትየውን ወገብ ሕመም ይጠይቃል። ሁለት ገጽ ጽፌ ሳነበው ለካ ወድጄዋለሁ።

ማታ ልጅቷ ያንኑ ተረት ድገምልኝ አለች። አያ ጅቦን በወፍራሙ ድምፄ ፈንታ በሴትዮዋ ድምፅ፣ ቀስ ብዬ፣ «ውሃውን እኮ አደፈረስሽብኝ፣ የኔ ልጅ» አስባልኩት። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

«ይሄን አልፈልግም» አለች። «የሚጮኸውን አምጣው።»