ብርና ሳንቲም በረስት፦ ፍሮም የቱ ጋ፣ ትራይፍሮም የቱ ጋ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላለ ነጋዴ በረስት (Rust) የፕሮግራም ቋንቋ የሽያጭ መመዝገቢያ ስትጽፉ ገንዘቡን ባዶ ቁጥር አድርጋችሁ አትተዉት። ብር የሚባል ስትራክት (የራሳችሁ ታይፕ) ዩ32 ይያዝ፣ ሳንቲም የሚባለው ደግሞ ዩ64፤ ዩ ከዜሮ በታች የማይወርድ ሙሉ ቁጥር ነው፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ የቢቱ ብዛት። ከ2021ዱ 1.53 ቨርዥን ወዲህ ኮምፓይለሩ በፊደል የተጻፈ ስም ስለሚቀበል ስማቸውም «ብር» እና «ሳንቲም» ሊሆን ይችላል። ችግር የሚመጣው አንዱን ወደ ሌላው ስንቀይር ነው።

ብዙ ሰው «አዝ» (as) በሚባለው፣ ሳይፈትሽ በሚቀይረው ቃል ይቀይራል። ለገንዘብ በፍጹም አልመክርም። ዩ16 ውስጥ ያለ 300 በአዝ ወደ ዩ8 ሲገባ 44 ይሆናል፤ ኤረርም ፓኒክም (ፕሮግራሙ በስህተት መቆሙም) የለም። በ300 ብር የተሸጠ ሽርጥ በ44 ብር ተመዘገበ ማለት ነው።

ከብር ወደ ሳንቲም የሚደረገው ቅየራ መቼም ስለማይከሽፍ ፍሮም (From)፣ ማለትም የማይከሽፍ ቅየራ የሚጻፍበት መንገድ፣ ይበቃዋል። ሥራው አንድ መስመር ነው፦ ብሩን ወደ ዩ64 ማስፋት፣ ከዚያ በ100 ማባዛት። ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይዛባ። በዩ32 እያለ ካባዛችሁት ጣሪያው 4,294,967,295 ሳንቲም፣ ማለትም 43 ሚሊዮን ብር የማይሞላ ነው፤ የጅምላ ነጋዴ የዓመት ድምር በቀላሉ ያልፈዋል። ሲያልፍ በዲበግ ቢልድ (ለሙከራ በሚዘጋጀው) ፓኒክ ያደርጋል። በሪሊዝ ቢልድ (ለተጠቃሚ በሚዘጋጀው) ግን ቅንብሩን ካልቀየራችሁ በስተቀር ቁጥሩ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል፣ ማንም ሳያውቅ።

ፍሮምን ከጻፋችሁ ኢንቱ (Into)፣ ያው ቅየራ ከሚቀየረው በኩል የሚጠራበት፣ አብሮ ይመጣል፤ ለብቻው አትጻፉት። ኢንቱን ስትጠሩ ኮምፓይለሩ ታይፑን ማወቅ ካቃተው ፍሮምን በቀጥታ በሳንቲም ስም ጥሩት፤ ለሚያነበው ሰውም ይሄ ይሻላል።

ከሳንቲም ወደ ብር መመለሱ ሌላ ጉዳይ ነው። 250 ሳንቲም ስንት ብር ነው? 2 ብር ብሎ 50ዋን መዋጥ የሰው ገንዘብ ማጥፋት ነው። እዚህ ትራይፍሮም (TryFrom)፣ ማለትም ሊከሽፍ የሚችል ቅየራ የሚጻፍበት መንገድ፣ ያስፈልጋል። ኤረሩን ሁለት ምርጫ ያለው ኢነም አድርጉት፦ አንዱ «ተራፊ»፣ የተረፈውን ሳንቲም ይዞ፤ ሌላው «ከመጠን ያለፈ»። ለ100 ሲካፈል ቀሪ ካለ ተራፊን መልሱ። ከሌለ ድርሻውን በዩ32 ትራይፍሮም አሳልፉት። ያ የሚመልሰው የራሱን ኤረር ነው፤ ከእሱ ወደ እናንተ ኢነም የሚወስድ ፍሮም ከጻፋችሁ ከጥሪው በኋላ የምትጻፈው የጥያቄ ምልክት (?) ኤረሩን ራሷ ቀይራ ትመልሰዋለች። የጥያቄ ምልክቷ ከውስጥ የምትጠራው ፍሮምን ስለሆነ ነው።

ለአንድ አቅጣጫ ፍሮምንም ትራይፍሮምንም ከጻፋችሁ ኢ0119 (E0119) የሚባል የኮምፓይለር ኤረር ይመጣል። ፍሮም ላለው ሁሉ ስታንዳርድ ላይብረሪው ትራይፍሮምን ቀድሞ ስለሚሰጥ ሁለቱ ይጋጫሉ። ኢ0117 ካያችሁ ደግሞ ሁለቱም ታይፖች የሌላ ክሬት (የረስት ኮድ ጥቅል) ናቸው፤ አንዱን በራሳችሁ ስትራክት ጠቅልሉት።

ፕሮጀክቱ በ2018 ኤዲሽን (የቋንቋው እትም) ላይ ከሆነ ትራይፍሮምን ከኮንቨርት ሞጁል በዩዝ (use) አስገቡ፤ በ2021 ኤዲሽን ፕሪሉድ (ሳታስገቡት ራሱ የሚገባው ስብስብ) ውስጥ አለ።