ባዶ ሚዛን

ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ጋለሪ መግቢያው በነጻ ነው። እኔም ለአንዲት ሥዕል ስል ብቻ ጎራ እላለሁ። የኔዘርላንዷ ዴልፍት ከተማ ሠዓሊ ዮሃንስ ፌርሜር በ1664 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣላት ናት። ቁመቷ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቸኩሎ የመጣ ሰው ሳያያት ያልፋል።

አንዲት ሴት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ትንሽ ሚዛን በጣቶቿ አንጠልጥላለች። ሉልና የወርቅ ሰንሰለት ከሣጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ሌላ ሥዕል አለ፤ የመጨረሻው ፍርድ። ክርስቶስ ከላይ፣ ሙታን ከሥር። እሷ የሥዕሉን መሃል ሸፍናዋለች። በእንዲህ ያሉ ሥዕሎች ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ሲመዝን የሚታየው ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው።

በ1696 አምስተርዳም ላይ በጨረታ ስትሸጥ «ወርቅ የምትመዝን ወጣት» ተብላ ነበር። በኋላ ግን ባለሙያዎች በማይክሮስኮፕ ሲመረምሯት ሚዛኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወርቅ የለበት፣ ሉል የለበት። ሁለቱም ሳህኖች እኩል ቆመዋል።

ብዙዎች ሥዕሏን እንደ ተግሣጽ ያነቧታል፦ ሀብት ከንቱ ነው፣ ፍርድ ከኋላሽ ነው። ይሄ አይዋጥልኝም። ተግሣጽ ማየት የፈለገ የዚያው ዘመን ሰው የሆነውን ሠዓሊ ያን ስቴንን ይይ። በ1663 በሣለው ሥዕል እመቤቲቱ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ውሻው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይበላል፣ ልጅ ቁም ሳጥን ይበረብራል። ከጣሪያው በተንጠለጠለ ቅርጫት ውስጥ ደግሞ የለማኝ ክራንች ይታያል። የዚህ ቤት መጨረሻ ልመና ነው ማለቱ ነው። ያ አልበቃ ብሎት «በተድላ ጊዜ ተጠንቀቅ» የሚል ጽሑፍ ጨምሮበታል። ስቴንን እወደዋለሁ፤ ግን የሚናገረው ጮክ ብሎ ነው።

ፌርሜር አንዲት ቃል አልጻፈም። ሴትዮዋ ፊት ለፊት መስታወት ተሰቅሏል፤ እሷ ግን መልኳን አታይም። ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ነው። ፊቷ ላይ ስስትም ድንጋጤም አይነበብም።

እኔ በበላኤ ሰብ ሥዕል ያደግሁ ሰው ነኝ። በአንድ በኩል የበላቸው 78 ነፍሳት፣ በሌላ በኩል በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውሃ። ጥላዋን ጣል ስታደርግበት ሚዛኑ ወደ ምሕረት ያጋድላል። እዚያ ሰውየው ሞቷል፤ የሚመዝኑለት ሌሎች ናቸው። የፌርሜር ሴት ግን በሕይወት እያለች ሚዛኑን በራሷ እጅ ይዛለች። ለዚህ ነው የተፈረደባት የማትመስለኝ።